ላልቶና ጠብቆ

በዮኤንሱ ኅዳር፣ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ጀንበር ትጠልቃለች፤
ቀን የሕፃናት የነበረች ክፍል፣ ማታ ለእኛ ትለቀቃለች።
ወንበሩ በሕፃን ልክ፤ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ፣
ደብተር ዘርግተን እንቀመጣለን፤ ናቢላ፣ ታን እና ሙሳካ፤
እኔም፣ የዚሁ ክፍል ወለል ወልዋይ፣
መጥረጊያዬን በር ላይ አስደግፌ፣ እርሳስ ጨብጬ ሰሌዳ የማይ።

ግድግዳው ሲሚንቶ ነበር፣ ዘይት ቀለም የተቀባ፣
እንደ ሐይቅ በረዶ የሚያብለጨልጭ፣ ማንንም የማያስገባ።
«‹ቱሊ› እሳት ነው፤ ‹ሊ› ሲጠብቅ ጉምሩክ፤ ‹ቱ› ሲሳብ ነፋስ»
አለች ሬይታ፣ መምህርታችን፣ ከሰሌዳው እስከ መስኮቱ ስትመላለስ።
ድምፅዋ ሄዶ ተላተመ፤ ዞሮ መጣ፤
በመንገዱ ሌላ ድምፅ አገኘ፤ ተናንቆ ጣሪያ ወጣ፤
የሳበችው ካጠበቀችው፣ ጭብጦ ሆኖ ተቦክቶ፣
እኔ ዘንድ የደረሰው «ኡ» ብቻ፣ እሳቱም ነፋሱም ጠፍቶ።
ናቢላ የሰማችውን ጽፋ፣ ተነሥታ አነበበች፦
«ቤቴን ጉምሩክ አቃጠለው።»
ሳቅን። ግድግዳው ሳቃችንን ተቀብሎ ሦስት ጊዜ ሳቀው።
እሷ አልሳቀችም።

«ግድግዳ ጆሮ አለው» እየተባልን ነው እኛ ያደግን፤
ክፉ ዘመን ነበር፤ በገዛ ቤታችን በሹክሹክታ ያወጋን፤
አባቴ ራዲዮኑን ብርድ ልብስ አልብሶ ነበር የሚሰማ።
የዮኤንሱው ግን ጆሮ የለው፤ ሁለመናው አፍ፣ ያውም ሐሜተኛ አፍ፣
የነገሩትን እጥፍ አድርጎ የሚያሰማ።

ቀን ስወለውል ሄልካን አያታለሁ፤ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ግራ ጆሮዋ አይሰማም፤
ዓይኗን ከመምህሯ ከንፈር አትነቅልም፣ ጓደኛዋ ብትጠራት አትዞርም።
እኩለ ቀን ላይ ጠረጴዛው ላይ ትተኛለች፤ ሰነፍ ይሏታል፤
መስማትም እንደ እንጨት ፈለጣ እንደሚያደክም ማን ይነግራቸዋል?

በጥር አናጢው ኦይቫ መጣ፣ የጥድ ጣውላ ጭኖ በመኪና፤
ስሙን ከቱታው ላይ አነበብሁ፤ ንግግር አያበዛም ነበርና።
ጣውላ ሳቀብለው በጣቱ አጥንት ያንኳኳል፤ ጆሮውን ይጥላል፤
አንዱን ወደ ጎን፣ አንዱን ወደ ግድግዳ፤ ምክንያቱን ለራሱ ያውቃል።
ከጀርባ ሱፍ ወተፈ፤ በየጣውላው መሐል የእርሳስ ውፍረት ክፍተት ተወ።
«አበላሸው» አልሁ በልቤ።
ለካስ ጆሮ እያበጀለት ነው።

የካቲት። ክፍሉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል።
ሬይታ «ቱሊ» አለች፤ ቃሉ ሄደ፤ ገባ፤ አልተመለሰም።
ሄልካ ከፊት ወንበር ተነሥታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ እኩለ ቀን ላይ አትተኛም።
ሁሉ ቀና ማለቴ አይደለም፤ ኤርኮ የሚባል ብላቴና
ድምሩን ትቶ የጣውላ ዓይን ይቆጥራል፤ መቶ አርባ ደርሶ፣ ይጀምራል እንደገና።
እኔም ፈተናውን ወደቅሁ፤
ጥድ ቢያዳምጥም ግስ አያረባልኝ፤ ይህንንም ተማርሁ።

አንድ ማታ ናቢላ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አንሥታ፣
ቃል በቃል፣ እንደ ሸክላ ዕቃ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣
«ቤቴን እሳት አቃጠለው» አለች።
ማንም አልሳቀም።
ግድግዳውም ተቀበላት፤ መልሶ አልወረወረባትም።

ሁሉ ሲሄድ ወለሉን ወለወልሁ፤ መዳፌን ጣውላው ላይ ጣልሁ፤ ሞቅ ይላል።
የእኛ ፊደል መጥበቅ መላላቱን አይጽፍም፤ ለአንባቢ ጆሮ ይተዋል።
ስለዚህ በደብተሬ ጀርባ፣ በራሴ ፊደል፣ አንድ መስመር ሁለት ጊዜ ጻፍሁ፦
ግድግዳው አለ።
ግድግዳው አለ።
የሲሚንቶው ላልቶ ይነበብ።
የጥዱ ጠብቆ።